የእትዬ አልጣሽ የኮባ ካርዶች

እትዬ አልጣሽ ግቢ ቤት የሚከራይ ሰው ቁልፍ ከመቀበሉ በፊት አንድ ነገር ይነገረዋል። ከኅዳር አጋማሽ እስከ ገና ድረስ ፍራሹ ሥር የደረቀ የኮባ ቅጠል ይነጠፋል፤ ተከራዩም ሳያጉረመርም ይተኛበታል። ቅጠሉ እንዳይጨማደድ ክብደት ያስፈልገዋል፤ የእሳቸው አልጋ ደግሞ ብቻውን አይበቃም። እኔ የመጀመሪያውን ሳምንት በተገላበጥሁ ቁጥር ከሥሬ ሲንኮሻኮሽ እየሰማሁ አደርሁ። በሁለተኛው ሳምንት ለመድሁት። ገና ደርሶ ቅጠሉ ሲወጣ ግን ዝም ያለው ፍራሽ እንቅልፍ ነሣኝ።

ቦንጋ አስተማሪ ሆኜ የተመደብሁት ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ ነበር። እትዬ አልጣሽ ያኔ ጡረታ ወጥተዋል። ማንኪራ ነው የተወለዱት፤ አባታቸው ጫካ ውስጥ ቀፎ ይሰቅሉ ነበር። ከቤተሰቡ ፊደል ቆጥረው ወደ ከተማ የመጡት እሳቸውና ታላቅ ወንድማቸው ዓለሙ ብቻ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የእጅ ሥራ አስተምረዋል። ግማሹ የቦንጋ የመንግሥት ሠራተኛ ቁልፍ መትከል የተማረው ከእሳቸው ነው፤ አንዳንዱን ጡረታ ከወጡ በኋላም የተበጠሰ ቁልፍ ኮቱ ላይ አንጠልጥሎ ካገኙት መንገድ ላይ ያስቆሙት ነበር። ቀጭን ናቸው፤ የመነጽራቸው አንድ ክንድ በጥቁር ክር ታስሯል። አማርኛቸው ጥሩ ነው፤ ነገር ሲቆጥሩ ግን ሁልጊዜ በካፊኛ ነበር።

የገና ካርዳቸውን የሚሠሩት ከዚያው ከኮባው ነው። ግንዱ ላይ እንዳለ የደረቀው ቅጠል ብዙ መልክ አለው፤ ነጣ ያለ እንደ ገለባ፣ ቀላ ያለ፣ እንደተቆላ ቡና የጠቆረ። በምላጭ እየቆረጡ ሰውም ከብትም ጎጆም ያደርጉታል፤ በታጠፈ ማኒላ ወረቀት ላይም ይለጥፉታል። ሙጫው የፈላ ቡላ ነው። ሥዕሉም ሙጫውም ከአንድ ተክል ስለሚወጡ «ቤተ ዘመድ ናቸው፤ አይጣሉም» ይላሉ። እኔ እጄ ለጽሕፈት ስለሚሻል ውስጡን የምጽፈው እኔ ነኝ። የሚጻፈው በየዓመቱ አንድ ነው፦ እንኳን አደረሰህ፤ አልተረሳህም።

ሥራውን በየጊዜው መጥተው የሚመረምሩት የአጥር ጎረቤታችን ጋሽ ጥሩሰው ናቸው። የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። አያታቸው ከሰሜን ነው የመጡት። ጾሙን አጥብቀው ስለሚይዙ ከኅዳር ጀምሮ ትንሽ ቁጡ ይሆናሉ። አንድ ቀን አንዱን ካርድ ወደ መስኮቱ አዙረው ለረጅም ጊዜ አዩት።

«አልጣሽ፣ መጽሐፉ የሚለው ወርቅ፣ ዕጣንና ከርቤ ነው። ይሄ የመጀመሪያው የተሸከመው ምንድን ነው?»

«ማር ነው፣ ጋሽ ጥሩሰው።»

«ሁለተኛውስ?»

«ኮረሪማ።»

«እንግዲህ ሦስተኛው ቡና ነዋ።»

«እንዴት አወቁ?»

«እኔ የምለው፣ ሰብዓ ሰገል ከምሥራቅ ነው የመጡት ወይስ ከማንኪራ?»

«ከወዲያ ምዕራብ ላለው ለቢታ ሰው ማንኪራ ምሥራቅ ነው» አሉ እትዬ አልጣሽ፣ ዓይናቸውን ከምላጩ ሳያነሡ።

እሳቸው ጴንጤ ናቸው፤ ጋሽ ጥሩሰው ኦርቶዶክስ። በዚህ ነገር ሲነካኩ ሃያ ዓመት ኖረዋል። በሃያ ዓመት ውስጥ ግን አንዱ ሲታመም ሌላው ሾርባ ሳይልክ የቀረበት ቀን የለም።

ካርዶቹ የሚሄዱት ወህኒ ቤት ነው። ለእያንዳንዱ እስረኛ አንድ አንድ፤ ያን ጊዜ ከሁለት መቶ ይበልጡ ነበር። እስላሞቹን አይዘሉም፤ ለእነሱ ሰብዓ ሰገልን ትተው የቡና ዛፍ ወይም ወፍ ይሠራሉ። ይሄን ለምን እንደጀመሩ ስጠይቃቸው ስለ ወንድማቸው ነገሩኝ። ዓለሙ በደርግ ጊዜ ታስረው ነበር። በምን እንደተከሰሱ እትዬ አልጣሽ አያወሩም፤ የሚያወሩት ስለ አንድ የገና ዋዜማ ነው። ደጋግ ሰዎች ብርቱካን ይዘው መጡ፤ እስረኛው ተሰልፎ ታደለ፤ ዓለሙ ጋ ሲደርስ አለቀ።

«ሲነግረኝ ስለ ርሃብ አላወራም» አሉኝ። «ርሃብማ የሁሉም ነው። አጠገቡ ያለው ሰውዬ ብርቱካኑን ሲልጥ የሸተተው ሽታ ነው ያቃጠለው። ከተፈታ በኋላም እስኪሞት ድረስ ብርቱካን አልበላም።»

ስለዚህ ሕግ ነበራቸው። ለሁሉም ይሆናል፤ ካልሆነ ለማንም አይሆንም። ካርዱም መድረስ ያለበት በዋዜማው ነው። በዓሉ ዕለት ጠያቂ ያለው ይጠየቃል፤ የሌለው ደግሞ የሌላውን ሰሃን እያየ ይውላል። እትዬ አልጣሽ የሚፈልጉት ያ ቀን ሲነጋ ሁሉም እጁ ላይ አንድ ነገር እንዲኖረው ነበር።

አሁን የማወራው የ1996ቱን ገና ነው። ማክሰኞ ጠዋት፣ ታኅሣሥ ሃያ ሰባት፣ እትዬ አልጣሽ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው ይቆርጣሉ። ሰማንያ የሚሆን ካርድ ቀርቷቸዋል፤ ግን ምንም አላስጨነቃቸውም፤ ዛሬና ነገ ጠዋት ይበቃቸዋል። ጋሽ ጥሩሰው አንድ ቀይ አውራ ዶሮ ቁልቁል አንጠልጥለው ከገበያ ሲመለሱ በአጥሩ በር ብቅ አሉ።

«ምነው ቸኮሉ?» አሉ እትዬ አልጣሽ። «እስከ ከነገ ወዲያ ሊቀልቡት ነው?»

«ለምን ከነገ ወዲያ?»

«ገና ከነገ ወዲያ አይደል? ዛሬ መድኃኔ ዓለም፣ ነገ አማኑኤል፣ ከነገ ወዲያ በዓለ እግዚአብሔር።»

«ጴንጤ ሆነሽም ታቦቱን አልረሳሽም፤ ጎበዝ» አሉ ጋሽ ጥሩሰው። «ግን ዘንድሮ ዮሐንስ ነው። ጳጉሜ ስድስት አልነበረች? ልደት በአማኑኤል ነው የሚውለው። ነገ ነው።»

እትዬ አልጣሽ ምላጩን ይዘው ቀሩ። «ጳጉሜ ስድስት ነበረች?»

«ስድስት ነበረች።»

«እኔ ጎጀብ ወባ ይዛኝ ተኝቼ ነበር። አምስት ትሁን ስድስት ማን ነገረኝ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ጳጉሜ በየአራት ዓመቱ ስድስት ትሆናለች፤ ከእሷ ቀጥሎ የሚመጣው ገናም ከሃያ ዘጠኝ ወደ ሃያ ስምንት ይመለሳል። ይሄን የማያውቅ የለም፤ እሳቸውም ያውቁታል። ያን ጳጉሜ ግን የእህታቸው ልጅ ወልዳ ሊያርሷት ወደ ጎጀብ ወርደው፣ አራሷ እሳቸውን አስታማ መለሰቻቸው። እሑድ ጸሎት ቤታቸው የተነገረው ማስታወቂያም «በበዓሉ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ» ነበር የሚለው። ቀኑን የጠራ የለም፤ ማን ገናን አያውቅም ተብሎ። እኔም ትምህርት ቤቱ ለገና ማክሰኞና ረቡዕ ዝግ እንደሆነ እያወቅሁ እሳቸው በሌላ ቀን እንደሚቆጥሩ አላሰብሁም።

ዋዜማው ዛሬ ነው። ወህኒ ቤቱ የበዓል ዕቃ የሚቀበለው እስከ ማታው ቆጠራ ድረስ ነው።

ያን ጠዋት የሠራነውን ሥራ ሳስታውስ አሁንም እጄ ይጣበቅብኛል። እሳቸው ይቆርጣሉ፤ እኔ እለጥፋለሁ። ጋሽ ጥሩሰው ዶሮውን የበረንዳው እግር ላይ አስረው ከቤታቸው የከሰል ካውያ አመጡ፤ ሙጫው በፍራሽ ሥር እስኪደርቅ የሚጠበቅበት ጊዜ ስለሌለ ካርዱ ሊተኮስ ነው። አራት ሰዓት ላይ ዝናብ ጣለ። ቦንጋ ታኅሣሥ ነው ብላ አትተውም። አየሩ ረጠበ፤ ሙጫው እንቢ አለ፤ ካውያው የነካቸው ጠቢባንም ራሳቸው ወደ ላይ ይጠቀለል ጀመር።

«ይሄኛው ሰውዬ ተቃጠለ» አሉ ጋሽ ጥሩሰው።

«ማሩን ነው ወይስ ሰውየውን?»

«ሁለቱንም።»

«ይተዉት፤ በረሃ አቋርጦ ነው የመጣው።»

እኩለ ቀን ሲሆን ገና አርባ ይቀራል። ከሠራነው ደግሞ ስንቱ ተላቆ ወደቀ። እትዬ አልጣሽ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ምላጩንም በወረቀት ጠቅልለው አስቀመጡት።

«በቃ። ዘንድሮ አልሄድም።»

«ምን ማለትሽ ነው?» አሉ ጋሽ ጥሩሰው። «ከመቶ ስድሳ በላይ ካርድ ይዘሽ? ላሉት ስጪያቸው።»

«አርባውስ?»

«አርባው ለፋሲካ።»

«ለፋሲካ የሚሉት ጋሽ ጥሩሰው፣ አጠገብዎ ሰው ሲልጥ አልሸተተዎትም።»

የብርቱካኑን ነገር ጋሽ ጥሩሰውም ያውቁታል። ካውያቸውን አንሥተው አመዱን ደጅ ለመድፋት ወጡ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እትዬ አልጣሽ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ያልተቆረጠውን ቅጠል ያያሉ። አንዲት አሮጊት ሴት በገዛ እጃቸው ባወጡት ሕግ ተይዘው እንደዚያ ሲቀመጡ ማየት ከባድ ነው። ላባብላቸው ፈልጌ «ጊዜ ቢኖረን ኖሮ» አልሁ።

ቀና ብለው አዩኝ።

«ጊዜ እኛ አጣን እንጂ» አሉ ቀስ ብለው። «ጊዜ የተረፈውስ የት ነው ያለው?»

«የት ነው?» አልሁ።

«አንተ ሰብሃት፣ ዩኒቨርሲቲ ምን አስተማሩህ? ተነሥ፤ ጆንያ አምጣ።»

ቅጠሉን በላስቲክ ጠቅልለን ጆንያ ውስጥ ከተትን፤ ማኒላውን ጋሽ ጥሩሰው ካባቸው ሥር ያዙት፤ ሙጫው በትልቁ ማንቆርቆሪያ ተሞላ። ያለቁት ካርዶች በሌላ ጆንያ ሆኑ። ዝናቡ ሲያባራ ቀይ ጭቃውን እየረገጥን ወደ ወህኒ ቤቱ ወረድን።

በሩ ላይ የነበረው ዘበኛ አዲስ ነው። የወህኒ ቤቱን ሕግ አጥብቆ ተምሯል። በዕቃ ተሞልቶ የሚገባ ነገር ሁሉ ያመጣው ሰው ሳይቀምሰው አይገባም። ማንቆርቆሪያውን ከፍቶ አየ።

«ይቅመሱ» አላቸው።

«ሙጫ ነው፣ ልጄ።»

«ምንም ይሁን። የመጣ ነገር ይቀመሳል።»

እትዬ አልጣሽ በክዳኑ ቀድተው ጠጡ። «ጨው አንሶታል» አሉ።

ዘበኛው ወደ ጋሽ ጥሩሰው ዞረ። «እርስዎም።»

«እኔ ጾመኛ ነኝ። ገና ሰዓቴ አልደረሰም።»

«ሙጫ ጾም አይፈታም፤ ይጠጡ» አሉ እትዬ አልጣሽ።

ከዚህ ያዳናቸው ኢንስፔክተር ሣህሌ ነው። ኃላፊው እሱ ነው፤ ድሮ የእትዬ አልጣሽ ተማሪ ነበር። ጆንያውን ከፍቶ ቅጠሉን ሲያይ ሳቀ።

«እትዬ፣ ዘንድሮ ካርዱ ጥሬውን መጣ እንዴ?»

«ጥሬ ነው። እዚህ ይበስላል። ስማ ሣህሌ» አሉና ዘበኛውን አይተው አረሙ፤ «ይስሙኝ ኢንስፔክተር። ቀን ተሳስቼ አርባ ካርድ ጎድሎኛል። እናንተ ዘንድ ደግሞ ሥራ ፈት ሞልቷል። እስከ ቆጠራው ይሠሩታል።»

«ምላጭ አይገባማ።»

«ያዝልኝ። ጢምህን ግን እንዳትላጭበት፤ ሙጫ ነክቶታል።»

ሣህሌ ምላጩን በወረቀቱ እንዳለ ኪሱ ከተተ፤ ሰዓቱንም አየ። «ፊሽካ ስነፋ ግን ያበቃል፣ እትዬ። ቆጠራ ለማንም አይቆምም።»

እስረኞቹ ከዝናቡ ሸሽተው በቆርቆሮው ዳስ ሥር ተጠጋግተው ነበር። እትዬ አልጣሽ ባዶ ሣጥን ላይ ተቀምጠው በአማርኛም በካፊኛም ነገሯቸው። ካርዱ እንዳልደረሰ፣ ማንም ለራሱ እንደማይሠራ፣ ሁሉም አንድ ጆንያ ውስጥ ተቀላቅሎ እየተሳበ እንደሚወጣ። መጀመሪያ የተንቀሳቀሰ የለም። አንድ ጎረምሳ «እኛ ሕፃናት ነን እንዴ?» አለ።

«አይደላችሁም» አሉ እትዬ አልጣሽ። «ሕፃናትማ እስካሁን ጨርሰው ነበር።»

ሳቅ ተነሣ። ከሳቁ መሐል አንድ ሽማግሌ ወጥተው አንድ ቅጠል አነሡ። የመጡት ከማንኪራ ነው፤ በወሰን ጠብ የታሰሩ ናቸው። ቅጠሉን እንዲለሰልስ አፋቸው ጋ አስጠግተው ትንሽ ተነፈሱበት፤ ከዚያ በሁለት አውራ ጣት በመስመሩ ቀደዱት። ቀጥ ብሎ ወረደ። ሌሎቹ ይሄን ሲያዩ እጃቸው ትዝ አላቸው መሰለኝ። ካፋ ውስጥ ኮባ ቀዶ ያላሰረ፣ ያልጠቀለለ፣ ያላነጠፈ ሰው የለም። ዳሱ በአንድ ጊዜ በመቅደድ ድምፅ ተሞላ።

«እኔም ልጅ ሳለሁ እንዲህ ነበር የምቀደው» አሉኝ እትዬ አልጣሽ ደስ ብሏቸው። «ምላጭ ያስለመደኝ የመምህራን ማሠልጠኛው ነው።»

አርባው ብቻ አይደለም የተሠራው፤ ከእኛ ዘንድ ተላቆ የወደቀውም ተጠገነ። አንዱ ቀፎ የተሰቀለበት ዛፍ ሠራ። አንዱ ሰው የሌለበት አግዳሚ ወንበር ሠራና ፍርድ ቤት ነው አለ። ጋሽ ጥሩሰው ቀርበው አዩት፤ «ወንበሩስ ልክ ነው፤ እኔ ሃያ ዓመት አውቀዋለሁ» አሉ። ሌላው የሠራት ላም ጠብ አስነሣች።

«ይሄ ውሻ ነው።»

«ላም ናት። ቀንዷን አታይም?»

«ጆሮው ነዋ።»

«እሺ ጌታ የተወለደበት በረት ውሻ አልነበረም?»

«ነበረ፣ ነበረ» አሉ እትዬ አልጣሽ። «ለጥፏት።»

እኔ ውስጡን እየጻፍሁ ነበር፤ አልደርስባቸው ስል መጻፍ የሚችሉት ተቀበሉኝ። ያን ከሰዓት አልተረሳህም የሚለውን ቃል ራሳቸው እየጻፉት፣ ፊደል እየተጠያየቁ፣ አንዱ የሌላውን እያረመ ሲሠሩ አየሁ። ከዚያ በኋላ ብዙ ቦታ ኖሬአለሁ፤ እትዬ አልጣሽም ካረፉ ዘመን ተቆጥሯል፤ ግቢያቸው ተሸጦ ፎቅ ቆሞበታል። ያን የብዙ እጅ ጽሕፈት ግን አሁንም አንዳንዴ ሳልፈልገው አየዋለሁ።

ፀሐይዋ ወደ ጫካው ስታዘነብል ካርዱ ሁሉ፣ አሮጌውም አዲሱም፣ ጆንያ ውስጥ ገባ። እትዬ አልጣሽ እጃቸውን ከትተው አማሰሉት። ተሰለፉ፤ ሳያዩ አንድ አንድ ሳቡ። ከሰልፉ ጫፍ የነበረው ሲስብ እትዬ አልጣሽ ጆንያውን ገልብጠው አራገፉት፤ ምንም አልወደቀም። ማንም ባዶ እጁን የቀረ አልነበረም። መነጽራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ከሣጥኑ ተነሡ።

የውጭው በር የተከፈተው ያን ጊዜ ነው። ሁለት ፖሊሶች አንድ ሰው ይዘው ገቡ። ከቢታ ገነት ነው ያመጡት፤ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። እጁ ሲፈታለት አንጓውን እያሸ ዳሱን ተመለከተ። ሰዉ ሁሉ አንድ አንድ ካርድ ይዞ ቆሟል። እሱ ምን እንደሆነ አላወቀም፤ ብቻ ለሁሉም ተሰጥቶ ለእሱ እንዳልተሰጠው ፊቱ ላይ ታየ።

ሣህሌ ፊሽካውን ከኪሱ አወጣ። «እትዬ፣ ሰዓቱ ደርሷል።»

«ስንት ሰው ልትቆጥር ነው?» አሉት። አሁን ኢንስፔክተር ማለቱን ረስተውታል።

«ከእሱ ጋር አንድ ጨመረ።»

«እንግዲያው አልጨረስሁም።»

ተመልሰው ሣጥናቸው ላይ ተቀመጡ። ማንቆርቆሪያው ሥር ትንሽ ሙጫ ቀርታለች፤ ወረቀትም አንድ አለ፤ ቅጠሉ ግን ከፍርፋሪ በቀር አልቋል። የማንኪራው ሽማግሌ መጡና የራሳቸውን ካርድ እንግዳው እጅ ላይ አኖሩት።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ ሰውየው።

«ያንተ ነው። አሁን ቁጭ በልና የእኔን ሥራ።»

«ገና መግባቴ ነው እኮ። የምተኛበትን እንኳ አላሳዩኝም።»

«እሱን ሌሊቱን ሙሉ ታየዋለህ» አለው ላሟን የሠራው ሰው። «ቶሎ በል፤ ቆጠራ ደርሷል።»

ዙሪያውን ያሉት ፍርፋሪውን ከመሬት እየለቀሙ ያቀብሉት ጀመር። ሰውየው ጭቃ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ወረቀቱን አጠፈ። ምን እንደሚሠራ ለረጅም ጊዜ አሰበ፤ ማንም አላቻኮለው። ከዚያ ከፍርፋሪው ጎጆ ጀመረ። በሩን ከጠቆረው ቅጠል፣ ጣራውን ከነጣው። የመጨረሻዋን ቁራጭ ለጭሱ ብሎ ከጣራው በላይ ለጠፋት።

ሽማግሌው ባዶ እጃቸውን አጠገቡ ቆመው ይጠብቃሉ። እትዬ አልጣሽ ሣጥናቸው ላይ፣ ጋሽ ጥሩሰው ከዓምዱ ሥር፣ ሁለት መቶው ሰው በሙሉ ይጠብቃል። ሣህሌ ፊሽካውን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ቆሟል፤ አይነፋም።

«አልደረቀም» አለ ሰውየው፣ ካርዱን ወደ ሽማግሌው እየዘረጋ።

«ግድ የለም» አሉ እሳቸው። ዳር ዳሩን ይዘው ተቀበሉትና በላዩ ተነፈሱበት።

ሣህሌ ወደ እትዬ አልጣሽ አየ። ራሳቸውን ነቀነቁለት። ፊሽካውን ነፋ።